ሩቅ መዳረሻ ሲመረጥ፦ ከቦታው ስም በፊት ወሩና የቀኑ ብዛት

የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 ከሀገራቸው ውጭ የተጓዙ ጎብኚዎች ቁጥር 1.4 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ በፊት ወደነበረበት ደረጃ ሊመለስ ጥቂት ቀርቶት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ቬኒስ ለአንድ ቀን ብቻ ከሚመጡ ጎብኚዎች በተመረጡ ቀናት የ5 ዩሮ የመግቢያ ክፍያ መሰብሰብ ጀመረች፤ በባርሴሎና ሰልፈኞች ምግብ ቤት ደጅ በተቀመጡ ቱሪስቶች ላይ በመጫወቻ ሽጉጥ ውኃ ረጩ፤ የጋላፓጎስ ደሴቶችም ከአብዛኞቹ የውጭ ጎብኚዎች የሚቀበሉትን የመግቢያ ክፍያ ከ100 ዶላር ወደ 200 አሳደጉ።

እነዚህ ዜናዎች ከተሰሙ ወዲህ የጉዞ ድርጅቶችና መገናኛ ብዙኃን «በእነዚህ ፋንታ ወዴት ይኬድ» የሚሉ ዝርዝሮችን በየጊዜው ያወጣሉ። ብዙ ሰዓት በርሮ ዕረፍቱን በማያውቀው ሀገር ሊያሳልፍ ያሰበ ሰው ግን ከዝርዝሮቹ መልስ ከማግኘት ይልቅ ጥያቄ ይጨመርበታል፤ አንዱ ያወደሰውን ቦታ ሌላው የተጨናነቀ ነው ይለዋል፤ አንዱ ርካሽ ያለውን ሌላው ውድ ነው ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ አንድ መዳረሻ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ አንድ ባሕርይ የለውምና። በፌብሩዋሪ ጸጥ ብሎ የሚተኛው ባሕር በኦገስት ለዋና አደገኛ ይሆናል፤ ለሦስት ሳምንት የተመቸው ሀገር ለስምንት ቀን አድካሚ ነው። ተጓዡ የሚገዛው በአንድ የተወሰነ ወር፣ ለተወሰኑ ቀናት የሚታየውን ቦታ ነው። የሀገሩ ስም ብቻውን ስለዚህ ብዙ አይናገርም።

አዲስ መዳረሻ እንዴት ይፈጠራል

አንድ ቦታ በድንገት የሁሉም መነጋገሪያ ሲሆን ከጀርባው ብዙውን ጊዜ ከውበት ይልቅ ተራ የሆኑ ምክንያቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የአየር መንገዶች ውሳኔ ነው። ቀድሞ ሁለት ጊዜ አውሮፕላን ተቀይሮ ይደረስበት የነበረ ከተማ የቀጥታ በረራ ሲያገኝ፣ አየር መንገዱ መቀመጫዎቹን ለመሙላት ያስተዋውቃል፤ የከተማው የቱሪዝም ቢሮም ያግዘዋል፤ ጋዜጠኞች ይጋበዛሉ። ሁለተኛው የመግቢያ ሕግ ነው። ቻይና በዲሴምበር 2023 ለአምስት የአውሮፓ ሀገሮችና ለማሌዥያ ዜጎች የቪዛ ግዴታን ካነሣች በኋላ ዝርዝሩን ደረጃ በደረጃ ወደ ብዙ ሀገሮች ማስፋቷ፣ እዚያ ለመሄድ አስበው የማያውቁ ሰዎችን እንዲያስቡ አድርጓል።

ሦስተኛው የምንዛሪ ተመን ነው፤ ለዚህም ከጃፓን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ2021 መጀመሪያ አንድ ዶላር ከ105 የን በታች ይመነዘር ነበር፤ በ2024 አጋማሽ ከ160 የን አልፏል። በውድነቷ ስትፈራ የኖረችው ሀገር በዶላር ወይም በዩሮ ለሚከፍል ጎብኚ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ርካሽ ሆነች፤ በ2024 የገቡት የውጭ ጎብኚዎችም 37 ሚሊዮን ገደማ ደርሰው ከዚያ በፊት ያልታየ ቁጥር ሆነ። ነገር ግን የምንዛሪ ጥቅም ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚደርስ ዜና ስለሆነ፣ ጥቅሙን ሊጠቀም የሄደ ሰው ሌሎች ሚሊዮኖችን እዚያው አገኛቸው። የኪዮቶ የጊዮን ሰፈር ነዋሪዎች በ2024 የግል ይዞታ በሆኑ ጠባብ መንገዶች ቱሪስት እንዳይገባ እስከ መከልከል ደርሰዋል።

አራተኛው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወረው ምስል ነው። ምስል አንድን ሀገር ወደ አንድ ባሕር ዳርቻ፣ አንዳንዴም ፎቶ ወደሚነሣባት አንዲት ነጥብ ያጠበዋል። የታይላንድ ማያ ቤይ በከፍታ ገደሎች የተከበበች ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ናት፤ ለዓመታት በየቀኑ ጀልባ እየተደረደረባት ኮራሏ (ድንጋይ መሰሉ የባሕር ፍጥረት) ከተጎዳ በኋላ በጁን 2018 ተዘግታ እስከ ጃንዋሪ 2022 አልተከፈተችም። ዛሬ ጀልባ ወደ ወሽመጧ አይገባም፤ ጎብኚው ከደሴቲቱ ጀርባ ወርዶ በእግሩ ይሻገራል፤ ቦታዋም በየዓመቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ትዘጋለች። ምስሉን አይቶ የሄደ ሰው እነዚህን ደንቦች ምስሉ ውስጥ አላያቸውም።

«ረጅም በረራ» ከዕረፍቱ ላይ ምን ይወስዳል

የ«ረጅም በረራ» አንድ ወጥ ትርጉም የለም፤ በልማድ ከስድስት ሰዓት በላይ የሚፈጀው እንዲህ ይባላል። በጣም ረጅም ከሚባሉት አንዱ ሲንጋፖርን ከኒውዮርክ የሚያገናኘው፣ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነውና ወደ 19 ሰዓት የሚጠጋው በረራ ነው። የበረራው ርዝመት በርቀት ብቻ አይወሰንም። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ በዩክሬን ላይ ሙሉ ጦርነት ከከፈተች በኋላ የሩሲያ የአየር ክልል ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ፣ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ከ10 ሰዓት በታች ይፈጅ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ረዝሟል። የቆየ የጉዞ መጽሐፍ ወይም የወዳጅ ትዝታ ለሰዓት ስሌት የማያስተማምነው ስለዚህ ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የቀኑ ሒሳብ ነው። ዘጠኝ ሌሊት ያለው ዕረፍት እንውሰድ። ተጓዡ ዓርብ ማታ ይነሣል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት በርሮ፣ በትራንዚት ሦስት ሰዓት ጠብቆ፣ በሌላ አነስተኛ አውሮፕላን ተጨማሪ ሁለት ሰዓት ሄዶ፣ የሰዓት ልዩነቱ ተደምሮበት ቅዳሜ ሌሊት ሆቴል ይደርሳል። እሑድ ቢነቃም የሚውለው በድንዛዜ ነው። በመመለሻውም ሌሊት የሚነሣውን በረራ ለመያዝ እኩለ ቀን ላይ ክፍሉን ለቅቆ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ከሰዓት በኋላውን በመጠበቅ ያሳልፋል። በወረቀት ላይ ዘጠኝ ሌሊት የነበረው ዕረፍት በእርግጥ የሚኖርበት ስድስት ቀን ቢሆን ነው። በመካከል ከተማ ለመቀየር አንድ ጊዜ የሀገር ውስጥ በረራ ከገባበት ደግሞ አምስት ይሆናል።

በዚህ ላይ ጄት ላግ ይጨመራል። ጄት ላግ የሚባለው የሰውነት የውስጥ ሰዓት ከደረሱበት ሀገር የፀሐይ ሰዓት ጋር ሳይጣጣም የሚቆይበት ሁኔታ ነው። እንቅልፍን፣ ረኃብንና የሰውነትን ሙቀት የሚመራው ይህ ሰዓት በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከ24 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ዑደት ስላለው፣ ቀንን ማስረዘም ከማሳጠር ይቀለዋል። ወደ ምዕራብ ሲበሩ ቀኑ ይረዝማል፣ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ያጥራል፤ ወደ ምሥራቅ መብረር የበለጠ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። በግምት ለተሻገሩት ለእያንዳንዱ የሰዓት ቀጠና አንድ ቀን ያህል ማገገሚያ ይታሰባል። ሰባት ቀጠና ተሻግሮ ስድስት ቀን የሚቆይ ሰው እንግዲህ ሰውነቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለምድ ይመለሳል።

ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መብረር ግን ይህን ዕዳ አያመጣም። ከለንደን ጆሃንስበርግና ከለንደን ባንኮክ የሚያደርሱት በረራዎች ሁለቱም ከ11 እስከ 12 ሰዓት አካባቢ ይፈጃሉ፤ የመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት፣ ሁለተኛው ግን ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ልዩነት አለው። የመቀመጫው ድካም እኩል ቢሆንም በማግሥቱ ጠዋት የሚነሡት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከአሥር ቀን ያነሰ ዕረፍት ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ካርታ ይህ ቢሆን ተገቢ ነው፤ ከሰዓት ቀጠናው ብዙ ሳይርቅ በኬንትሮሱ ወደ ላይና ወደ ታች ያሉ ሀገሮችን።

በእርግጥ ይህን የሚቃወሙ አሉ። በአውሮፕላን ውስጥ መተኛት የሚችል፣ አንዲት ከተማ ብቻ ማየት የሚፈልግ ሰው ለአምስት ቀን ቶኪዮ ወይም ቡዌኖስ አይረስ ሄዶ ደስ ብሎት ሊመለስ ይችላል ይላሉ። እውነት ነው፤ የሚበላሸው በአምስቱ ቀን ሌሎች ሦስት ቦታዎች ሲጨመሩበት ነው። ሰፋፊ ሀገሮች አየር ማረፊያ ላይ አያበቁም። ቡዌኖስ አይረስ ያረፈ ሰው በደቡብ ያሉትን የፓታጎኒያ የበረዶ ግግሮች ለማየት ከሦስት ሰዓት በላይ እንደገና መብረር አለበት።

ያው ሀገር፣ ሌላ ወር

በምርጫው ውስጥ እጅግ የሚቃለለውና እጅግ ብዙ የሚወስነው ጉዳይ ወቅት ነው። የተለመደው አነጋገር አንድን ሀገር «ደረቅ ወቅትና ዝናባማ ወቅት» ብሎ ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በሞንሱን፣ ማለትም በየግማሽ ዓመቱ አቅጣጫውን በሚቀይር ዝናብ አምጪ ነፋስ በሚመሩ ሀገሮች ይህ አከፋፈል ያሳስታል።

ስሪላንካን በቅርብ ብንመለከት ነገሩ ይገለጣል። ከሰሜን ጫፏ እስከ ደቡብ ጫፏ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች ደሴት ላይ ሁለት ሞንሱኖች ይፈራረቃሉ። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ዝናቡን በኮሎምቦ፣ በጋልና በሚሪሳ በኩል ያራግፋል፤ ባሕሩም ይናወጣል። ነፋሱ መካከለኛውን ተራራማ ክፍል ሲሻገር ግን እርጥበቱ ስለሚያልቅ ምሥራቁ ዳርቻ በእነዚያው ወራት ደረቅ ነው፤ የትሪንኮማሊ ባሕር ይረጋጋል፣ በአሩጋም ቤይም የሞገድ ተንሸራታቾች ወቅት ይሆናል። በዲሴምበርና በፌብሩዋሪ መካከል ነገሩ ይገለበጣል፤ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ምሥራቁን ሲያረጥበው የደቡብና የምዕራብ ዳርቻዎች ፀሐይ ያገኛሉ፤ ከሚሪሳ ዓሣ ነባሪ ለማየት ጀልባ የሚወጣውም ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ነው። በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ በሁለቱ ነፋሶች መሸጋገሪያ፣ ዝናቡ የትም ሊሆን ይችላል።

«በኦገስት ስሪላንካ ዝናብ ነው» የሚለውን ምክር ሰምቶ የተወው ሰው ስለዚህ ምን እንዳመለጠው ማየት ይቻላል። በኦገስትና በሴፕቴምበር በደረቁ መካከለኛ ክፍል ያለው የሚኔሪያ የጥንት ማጠራቀሚያ ሐይቅ ውኃው ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ለምለም ሣር ይወጣል፤ በአካባቢው ያሉ የዱር ዝሆኖችም ለውኃውና ለሣሩ በመቶዎች እየሆኑ ይሰበሰባሉ። ይህ ትዕይንት የሚገኘው ብዙዎች «የማይኬድበት» በሚሉት ወር ነው። በተቃራኒው፣ ያንኑ ምክር ሳይሰማ በኦገስት የደቡብ ምዕራብ ባሕር ዳርቻ ሆቴል የያዘ ሰው ባሕሩን በመስኮት ሊያየው ይችል ይሆናል እንጂ አይገባበትም።

ታይላንድም እንዲሁ ናት። በአንዳማን ባሕር በኩል ያሉት ፉኬትና ክራቢ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ሲዘንብባቸው፣ በባሕረ ሰላጤው በኩል ያለችው ኮ ሳሙይ ከባዱን ዝናብ የምታገኘው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። በካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል፤ የሚከፋውም ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው፤ ሆኖም በስተደቡብ ለቬኔዝዌላ የቀረቡት አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳኦ ከአውሎ ነፋሶቹ የተለመደ መንገድ ውጭ በመሆናቸው እምብዛም አይመቱም። የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ የዱር እንስሳት ፍልሰትም ዓመቱን ሙሉ የሚዞር እንጂ በአንድ ቦታ የሚጠብቅ አይደለም፤ መንጋው በፌብሩዋሪ አካባቢ በደቡቡ ሜዳ ይወልዳል፣ የማራን ወንዝ የሚሻገረው ደግሞ ከጁላይ ጀምሮ በሰሜን ነው። ወሩን ሳያጣራ ሎጅ የያዘ ሰው በትክክለኛው ሀገር የተሳሳተ ጫፍ ላይ ሊገኝ ይችላል።

በከፍተኛውና በዝቅተኛው ወቅት መካከል ያሉት ሳምንታት፣ በጉዞ ሙያ የ«ትከሻ ወቅት» የሚባሉት፣ ብዙ ጊዜ እንደ ብልህ ምርጫ ይቀርባሉ። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሕዝቡም ያንሳል። ነገር ግን ቅናሹ ለአየር ሁኔታው እርግጠኛ አለመሆን የተከፈለ ካሣ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ዕረፍቱ በጉብኝት፣ በምግብና በከተማ የሚያልፍ ከሆነ ከሰዓት በኋላ የሚጥል ዝናብ ብዙ አያጎድልበትም፤ ለመጥለቅ ወይም ተራራ ለመውጣት የሚሄድ ሰው ግን ጉዞውን ሙሉ ሊያጣ ይችላል።

የቲኬቱ ዋጋና የጉዞው ዋጋ

የበረራ ዋጋ ከርቀት ጋር ያለው ትስስር የላላ ነው። አየር መንገዶች ሬቨኒው ማኔጅመንት በሚሉት አሠራር የአንድን አውሮፕላን ተመሳሳይ መቀመጫዎች በብዙ የዋጋ እርከን ከፍለው፣ ፍላጎቱ ከፍ ሲል ርካሹን እርከን እየዘጉ ይሸጣሉ። በርካታ አየር መንገዶች የሚፎካከሩበት እንደ ባንኮክ ያለ ከተማ፣ አንድ ወይም ሁለት አየር መንገድ ብቻ ከሚደርስበት ቅርብ ደሴት ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዱባይን፣ ዶሃንና ኢስታንቡልን የመሳሰሉ ሀቦች፣ ማለትም ከየአቅጣጫው የሚመጣውን መንገደኛ ሰብስበው የሚያከፋፍሉ አየር ማረፊያዎች፣ ከቀጥታ በረራ የሚያንስ ዋጋ በማቅረብ ይህን ፉክክር ያሰፉታል፤ ልዩነቱን ተጓዡ በሰዓት ይከፍላል።

ሆኖም የቲኬት ዋጋ የውሳኔው ማዕከል ሲሆን ስሌቱ ይሳሳታል። ለምሳሌ ያህል፣ ወደ ሩቁ ሀገር ቲኬቱ 1,200 ዶላር፣ የቀን ወጪው 60 ዶላር ነው እንበል፤ ወደ ቅርቡ ቲኬቱ 600፣ የቀን ወጪው 150። ለአምስት ቀን ሩቁ 1,500፣ ቅርቡ 1,350 ያስወጣል፤ በሰባተኛው ቀን ሩቁ ርካሽ ይሆናል፤ ለአሥራ አራት ቀን ሩቁ 2,040፣ ቅርቡ 2,700 ይደርሳል። ሩቅ ጉዞ ለአጭር ዕረፍት ውድ፣ ለረጅም ዕረፍት ርካሽ የሚሆንበት ነጥብ አለ፤ ያንን ነጥብ የሚያሳየውም ጠቅላላ ወጪን በእርግጥ በሚኖሩባቸው ቀናት ማካፈል ነው።

በስሌቱ ውስጥ የመንግሥት ክፍያዎችም ይገባሉ። ኒውዚላንድ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከብዙ ጎብኚዎች የምትቀበለውን ክፍያ ከ35 ወደ 100 የኒውዚላንድ ዶላር አሳድጋለች፤ ይህ ለጉዞው አንድ ጊዜ ይከፈላል። ቡታን ግን በ2022 በሌሊት 200 ዶላር አድርጋ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ 100 ያወረደችውን ክፍያ የምትቆጥረው በእያንዳንዱ ሌሊት ነው። ቁጥሮቹ ቢቀራረቡም ለአሥር ሌሊት የሚቆይ ሰው ላይ የሚያመጡት ሸክም እጅግ ይለያያል፤ የመጀመሪያው ረጅም ቆይታን ያበረታታል፣ ሁለተኛው ያሳጥራል።

ርካሽ ሲፈለግ ሁለት የተለያዩ ቲኬቶችን ገዝቶ በረራዎቹን በራስ ማገናኘት እየተለመደ መጥቷል። አደጋው ግልጽ ነው፤ በአንድ ቲኬት ሲጓዙ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ አየር መንገዱ ያደርሳል፣ በተለያዩ ቲኬቶች ግን ሁለተኛው ቲኬት ይቃጠላል። ከአውሮፓ ኅብረት ለሚነሡ በረራዎች የሚሠራው ደንብ ቁጥር 261/2004፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ አየር መንገዱ ተጠያቂ ለሆነበት ከባድ መዘግየት እስከ 600 ዩሮ ካሣ ሲደነግግ፣ ተያያዥ በረራዎችን እንደ አንድ ጉዞ የሚቆጥረው በአንድ ላይ ሲያዙ ነው።

ፈቃድ፣ ጤናና ማስጠንቀቂያ

የቪዛ ጉዳይ እንደየፓስፖርቱ ስለሚለያይ አጠቃላይ ምክር አይሰጥበትም። ልብ የሚባለው ግን «ቪዛ አያስፈልግም» ማለት ከእንግዲህ «ምንም አያስፈልግም» ማለት አለመሆኑ ነው። ኬንያ በጃንዋሪ 2024 ቪዛን አስቀርታ በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ተክታለች፤ ብሪታንያና አሜሪካም ከቪዛ ነፃ የሆኑ ጎብኚዎችን ቀድመው በክፍያ እንዲመዘገቡ ያስገድዳሉ። ብዙ ሀገሮች ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን በኋላ ስድስት ወር እንዲቀረው ይጠይቃሉ፤ ይህን የማያሟላ መንገደኛ የሚመለሰው ገና ከመነሻው አየር ማረፊያ ነው።

በጤና በኩል የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ሕጋዊ የሚሆነው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከጁላይ 2016 ጀምሮም ለዕድሜ ልክ ይሠራል። አንዳንድ ሀገሮች የምስክር ወረቀቱን የሚጠይቁት ተጓዡ በሽታው ባለበት ሀገር በትራንዚት ስላለፈ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የትራንዚት ምርጫም የጤና ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አሳይቷል፤ መነሻው አደጋ ትንሽ በመሆኑ ከ6,000 ተጓዦች አንዱን የሚያገኝ ነው፤ ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና ከዚህ ቀደም ደም የረጋባቸው ግን ሐኪም ማማከር ይገባቸዋል።

ከፍታም ከሚዘነጉት አንዱ ነው። በፔሩ የምትገኘው የጥንታዊቷ ማቹ ፒቹ ጎብኚዎች የሚያርፉባት የኩስኮ ከተማ 3,400 ሜትር ላይ ስትሆን ማቹ ፒቹ ራሷ 2,430 ሜትር ላይ ናት። ከባሕር ጠለል በቀጥታ በርሮ ኩስኮ የሚያድር ሰው የከፍታ ሕመም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያመጣበት ይችላል፤ እንደ ደረሰ በቀጥታ ዝቅ ወዳለው ሸለቆ ወርዶ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እዚያ አድሮ ኩስኮን ወደ መጨረሻ ማድረግ ያንኑ ጉዞ ቀላል ያደርገዋል።

የመንግሥታት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አከራካሪ ነው። ተቺዎች አንድ የድንበር አካባቢ ስለታመሰ አንድን ሰፊ ሀገር ሙሉ በሙሉ ያስፈራሩበታል፣ በቱሪዝም የሚኖረውን ሕዝብም ያለ ጥፋቱ ይቀጡታል ይላሉ። ይህ ትችት መሠረት አለው፤ ማስጠንቀቂያውን እስከ ካርታው ድረስ ማንበብ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች መንግሥት «አትሂዱ» ያለበትን ቦታ ስለማይሸፍኑ፣ ተጓዡ በማስጠንቀቂያው ቢስማማም ባይስማማም ውጤቱ ይደርስበታል።

ተመሳሳይ ቦታ መፈለግ መፍትሔ ነው?

ለመጨናነቁ የቀረበው ታዋቂ መልስ «ዱፕ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም ዝነኛውን ቦታ ትቶ የሚመስለውን፣ ርካሽና ጸጥተኛ የሆነውን መምረጥ። ደጋፊዎቹ ገንዘቡ ወደ አዳዲስ አካባቢዎች ይዳረሳል ይላሉ። ተቺዎቹ ጫናው ወዳልተዘጋጀ ቦታ ይሸጋገራል እንጂ አይቀንስም ባዮች ናቸው፤ ዝነኛው ከተማ ቢያንስ የፍሳሽ መስመር፣ የውኃ አቅርቦትና የቁጥጥር ሕግ አለው፤ ትንሿ ደሴት የላትም። የፊሊፒንስ ቦራካይ በ2018 ለስድስት ወር የተዘጋችው በዋነኛነት ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ይለቀቅ ስለነበር ነው።

የተቺዎቹ መከራከሪያ ይበልጥ ያሳምናል። መጨናነቅ በአንድ ሀገር ላይ እኩል አይሰራጭም፤ በጥቂት ቦታዎች፣ በጥቂት ወራት፣ በቀኑም ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይከማቻል። ኪዮቶ መተላለፊያ በጠፋበት ሳምንት በዚያው ሀገር የሺማኔ ጠቅላይ ግዛትና የሰሜን ምሥራቁ የቶሆኩ ክልል የውጭ ጎብኚ እምብዛም አያዩም፤ የባቡሩ፣ የሆቴሉና የሆስፒታሉ ጥራት ግን የጃፓን ነው። ልምድ ባለው ሀገር ውስጥ ሁለተኛውን ከተማ መምረጥ፣ ያልተዘጋጀች ደሴትን «ከማግኘት» ለተጓዡም ለነዋሪውም ይሻላል።

ገንዘቡ የት እንደሚቀርም የዚህ ክርክር አካል ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች «ሊኬጅ» የሚሉት፣ የጎብኚው ወጪ በውጭ ኩባንያዎች፣ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎችና በቅድሚያ ክፍያ ጥቅሎች አማካይነት ከመዳረሻው ተመልሶ የሚወጣበት ሂደት ነው። ምግብና መጠጥ ሁሉ ተጠቃልሎ የሚከፈልበት ትልቅ ሪዞርት ለቤተሰብ ወጪን ለመገመት ይመቻል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ምግብ ቤት ግን ጎብኚውን አያየውም።

ሩቅ መብረር ራሱ የሚነሣበት ጥያቄ

አቪዬሽን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 2.5 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ አውሮፕላኖች በከፍታ የሚፈጥሩት ጭስ መሰል ደመናና ሌሎች ውጤቶች ሲጨመሩ ለሙቀት ያለው ድርሻ ከዚህ ከፍ ይላል። በ2018 ከዓለም ሕዝብ አንድ በመቶ የሚሆነው የመንገደኞች በረራ ልቀትን ግማሽ ያህል እንዳስከተለ ተመራማሪዎች አስልተዋል። በዚህ የተነሣ ለዕረፍት ሩቅ መብረርን ጨርሶ መተው ይገባል የሚሉ አሉ።

በሌላው ወገን፣ ኢኮኖሚያቸው በሩቅ ጎብኚ ላይ የቆመ ሀገሮች ይገኛሉ። ማልዲቭስ ከጠቅላላ ምርቷ ከሩብ የማያንሰውን ከቱሪዝም ታገኛለች፤ ያለ አውሮፕላን የሚደርስባት ጎብኚም የለም ማለት ይቻላል። የባሕር ከፍታ መጨመር ከሁሉ በፊት የሚያሰጋትም ይህችው ሀገር ናት፤ ስለዚህ በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገን በእርሷ ስም ይናገራል። የበረራን ልቀት ዛፍ በመትከልና በመሳሰሉት ለማካካስ የሚሸጡ ሰርተፊኬቶች አስተማማኝነታቸው በብርቱ የተተቸ በመሆኑ ጥያቄውን አይዘጉትም። ልቀቱን በእርግጥ የሚለውጡት በተጓዡ እጅ ያሉ ውሳኔዎች ናቸው፤ በየዓመቱ ሁለት አጫጭር ሩቅ ጉዞዎችን በሁለት ዓመት አንድ ረጅም ጉዞ መተካት፣ በኢኮኖሚ ክፍል መጓዝ (የቢዝነስ መቀመጫ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ድርሻው ሦስት እጥፍ ገደማ ሊሆን ይችላል)፣ ሲቻልም የቀጥታ በረራ መውሰድ። እነዚህ ደግሞ ከላይ የታየው የቀንና የሰውነት ሒሳብ የሚመክራቸው ናቸው።

ከየት ይጀመር

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ የሚጻፈው የዓመት ፈቃዱ ወርና የሌሊቶቹ ብዛት ነው፤ የትምህርት ቤት ዕረፍት ያሰረው ቤተሰብ ወሩን ሊቀይር ስለማይችል ቦታውን ይቀይራል፣ ወሩን መምረጥ የሚችል ሰው ደግሞ የሚመኘውን ቦታ ይዞ ወሩን ያፈላልጋል። ቀጥሎ የሰዓት ልዩነቱ ይታያል፤ ከዚያ በዚያ ወር የመዳረሻው የትኛው ዳርቻ፣ የትኛው ክፍል እንደሚመች፤ ከዚያ በኋላ የመግቢያ ፈቃድና ጤና። የቲኬት ፍለጋው የሚመጣው ሁለት ወይም ሦስት እጩዎች ሲቀሩ ነው፤ በዚያ ደረጃ የዋጋ ልዩነት ዳኛ ቢሆን አይጎዳም።

የጉዞ ኢንሹራንስ ግን ብዙዎች እንደሚያደርጉት ለመነሻው ሳምንት አይቆይም። አብዛኛው ውል ከመነሣት በፊት በሕመም ወይም በሌላ በተዘረዘረ ምክንያት ለሚሰረዝ ጉዞ ሽፋን የሚሰጠው ውሉ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ የማይመለስ ክፍያ በተፈጸመበት ዕለት መግዛት ይገባል። አስቀድሞ የሚታወቅ አደጋ፣ ለምሳሌ ስም የወጣለት አውሎ ነፋስ ወይም የተጠራ የሥራ ማቆም አድማ፣ ይፋ ከሆነ በኋላ የተገዛ ውል ያንን አደጋ አይሸፍንም።